ምዕራፍ 8፦ ጉድፍ ተብሎ የተናቀው ኦክስጅን

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች ሁለት የሴራሚክ ቤተሰቦችን ለየብቻ አይተናል። በምዕራፍ 6 የተመለከትናቸው ኦክሳይዶች፣ ለምሳሌ አሉሚና፣ ለመሥራት ብዙ አያስቸግሩም፤ አየርም ሆነ ውኃ አይለውጣቸውም፤ ከእግራችን ሥር ያለው ድንጋይም አብዛኛው የእነሱ ወገን ነው። በምዕራፍ 7 የተመለከትናቸው ናይትራይዶች ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። ብረት በሚያቀላ ግለት ውስጥ ጉልበታቸው አይከዳቸውም፤ ድንገተኛ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅባቸውም ይችላሉ። ችግሩ እነሱን ሠርቶ ቅርጽ ማስያዙ ላይ ነው። ይህ ምዕራፍ በሁለቱ መካከል ስለቆሙት ኦክሲናይትራይዶች፣ ማለትም ኦክስጅንና ናይትሮጅን በአንድ ክሪስታል ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚኖሩባቸው ቁሶች ነው።

ክርክሬ አንድ ነው። በናይትራይድ ሴራሚክ ውስጥ የተገኘ ኦክስጅን ለረጅም ጊዜ እንደ ጉድፍ፣ ሥራ እንደሚያበላሽ ባዕድ ነገር ሲቆጠር ኖሯል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተገኘው ማስረጃ ግን ሌላ ያሳያል፦ ሥፍራውና ልኩ ከታወቀ ያው ጉድፍ መሐንዲሱ የቁሱን ባሕርይ እንደ ፈቃዱ የሚያስተካክልበት ዋና መሣሪያ ይሆናል። ይህን ስል ኦክሲናይትራይድ ተአምረኛ ቁስ ነው ማለቴ አይደለም። አንዱን ባሕርይ የሚሰጠው ሌላውን ተቀብሎ ነው፤ ብዙ ወረቀት ተጽፎበት ፋብሪካ ሳይደርስ የቀረውም ጥቂት አይደለም።

ሁለት የሚይዝ ማገር፣ ሦስት የሚይዝ ማገር

የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲቆም ያየ ሰው ቋሚ ብቻውን ግድግዳ እንደማይሆን ያውቃል። ቋሚዎቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስር ማገር ያስፈልጋል። አጭር ማገር ሁለት ቋሚ ብቻ ይዞ ካበቃ ግድግዳው ይቆማል፣ ነገር ግን ገፋ ሲያደርጉት ይወዛወዛል። እያንዳንዱ ማገር ሦስት ሦስት ቋሚ ከያዘ ግን የአንዱ ቋሚ መነቃነቅ በሌሎቹ ሁለቱ ይገታል፤ ግድግዳው እንደ አንድ አካል ይቆማል። በዚህ ምዕራፍ ቋሚው ሲሊከን ነው። ማገሩ ደግሞ ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ነው። በሲሊካ ውስጥ፣ ማለትም በአሸዋና በብርጭቆ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ኦክስጅን ሁለት ሲሊከኖችን ይይዛል። በሲሊከን ናይትራይድ ውስጥ እያንዳንዱ ናይትሮጅን ሦስት ይይዛል። የናይትራይዶች ጥንካሬ ከየት እንደሚመጣ በምዕራፍ 7 በብዙ ገጽ አብራርተነዋል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይኸው ነው።

ይህ ነገር በብርጭቆ ላይ በግልጽ ይታያል። ከአይትሪያ (አይትሪየም ከተባለው ብረት የሚገኝ ነጭ ዱቄት)፣ ከሲሊካና ከአሉሚና ብርጭቆ ቀልጦ ሲሠራ የተወሰነው ኦክስጅን በናይትሮጅን ከተተካ፣ ብርጭቆው የሚለሰልስበት የሙቀት መጠን ከፍ ይላል፤ ጥንካሬውና ለመለጠጥ ያለው እምቢታም አብሮ ይጨምራል። በአየርላንድ የሊመሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር በመሆን ይህን ደጋግመው ለክተዋል። ናይትሮጅኑ በጨመረ ቁጥር ለውጡም ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ ማገሩ ብቻ ስለተቀየረ የለውጡን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ታዲያ ናይትሮጅን ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነና ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱ ከሆነ፣ ምድር ለምን በናይትራይድ ድንጋይ አልተሞላችም? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአየር ውስጥ ያሉት ናይትሮጅኖች ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት እጥፍ ማሰሪያ ተቆላልፈዋል፤ ያንን ቁልፍ መስበር ከባድ ኃይል ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ኦክስጅን ባለበት ሁሉ ሲሊከን ከናይትሮጅን ይልቅ ኦክስጅንን ይመርጣል። በ1964 ሳይንቲስቶች በአንዳንድ ተወርዋሪ ድንጋዮች (ሜትዮራይቶች) ውስጥ ሲሊከን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅንን ብቻ የያዘ ማዕድን አግኝተው ሲኖይት ብለው ሰየሙት። ማዕድኑ የተገኘባቸው ድንጋዮች የተፈጠሩት ኦክስጅን እጅግ ባነሰበት የጥንቱ የፀሐይ ሥርዓት ክፍል ውስጥ ነበር። ተፈጥሮ ኦክሲናይትራይድ ለመሥራት ኦክስጅን እስኪጎድል መጠበቅ ነበረባት። ሰው ደግሞ በናይትሮጅን በተሞላ እቶን ውስጥ ያንን ጉድለት በገንዘብ ይገዛዋል።

ሂሳቡ ሳይዛባ መቀያየር

በ1960ዎቹ የሲሊከን ናይትራይድ ሠሪዎች ጭንቀት የታወቀ ነበር። ይህ ቁስ አይቀልጥም፤ 1,900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ወደ ሲሊከንና ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይበተናል። ስለዚህ እንደ ብረት አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ የለም። ዱቄቱን አሙቆ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዲጣበቁ ማድረግም አስቸጋሪ ነው፤ ሦስት ሦስት ቋሚ የያዙት ማገሮች አተሞቹን ከቦታቸው አያንቀሳቅሱም። ጠንካራ ያደረገው ነገር ራሱ ለመሥራት እምቢተኛ አድርጎታል። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ዱቄቱ ውስጥ እንደ ማግኒዥያ ያለ ኦክሳይድ ጨምሮ በግፊት ማሞቅ ነበር። በእያንዳንዱ የናይትራይድ ቅንጣት ላይ ምንጊዜም ስስ የሲሊካ ቆዳ አለ፤ የተጨመረው ኦክሳይድ ከዚህ ቆዳ ጋር ቀልጦ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፈሳሹም ቅንጣቶቹን ያቀራርባል። ሲቀዘቅዝ ግን ያ ፈሳሽ በቅንጣቶቹ መካከል ብርጭቆ ሆኖ ይቀራል።

የማገሩን ምሳሌ ከአተም ወደ ቅንጣት ከፍ ብናደርገው፣ ይህ ብርጭቆ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጭቃ ነው። ግድግዳውን የሚሞላው እሱ ነው፤ ያለሱም ክፍተት ይኖራል። ዝናብ ሲያገኘው ግን መጀመሪያ የሚለሰልሰውም እሱ ነው። በሴራሚኩ ላይ ዝናቡ ሙቀት ነው። እንጨቱ 1,400 ዲግሪ ላይ ሳይነቃነቅ ቢቆም እንኳ ጭቃው በ1,000 ዲግሪ አካባቢ ከለሰለሰ ግድግዳው ቀስ በቀስ ይዘምማል። ኦክስጅን ጉድፍ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍርዱም ያለ ማስረጃ አልነበረም።

የእንግሊዙ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኬኔት ጃክ ከሲሊከን ናይትራይድ በፊት ለዓመታት ያጠኑት ናይትሮጅን ከብረት ጋር ሲዋሐድ የሚሆነውን ነበር። ወደ ሴራሚኩ ሲመጡ ሌሎች ያላነሡትን ጥያቄ አነሡ። በምዕራፍ 2 ስለ ሸክላ አፈርና ስለ ፌልድስፓር ስናወራ እንዳየነው፣ በተፈጥሮ ድንጋዮች ውስጥ አሉሚኒየም የሲሊከንን ቦታ ይወስዳል። ሁለቱ በመጠን ይቀራረባሉና ክሪስታሉ አይፈርስም። ይህ በድንጋይ ውስጥ ከሆነ በናይትራይድ ውስጥስ ለምን አይሆንም? ችግሩ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ሂሳብ ነው። ሲሊከን 4 አዎንታዊ ቻርጅ ይይዛል፣ አሉሚኒየም 3። ሲሊከን ወጥቶ አሉሚኒየም ብቻ ከገባ አንድ ይጎድላል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ አንድ ናይትሮጅን፣ 3 አሉታዊ ቻርጅ የያዘው፣ ወጥቶ 2 የያዘው ኦክስጅን ከገባ ጉድለቱ ይካካሳል።

ቁጥሩን በዝግታ እንመልከተው፤ የምዕራፉ ማዕከል እዚህ ነውና። የሲሊከን ናይትራይድ ትንሹ የክሪስታል ክፍል 6 ሲሊከንና 8 ናይትሮጅን አለው። 6 በ4 ሲባዛ 24 አዎንታዊ፣ 8 በ3 ሲባዛ 24 አሉታዊ፤ ሂሳቡ ይገጥማል። አሁን አንዱን ሲሊከን በአሉሚኒየም፣ አንዱን ናይትሮጅን በኦክስጅን እንተካ። 5 ሲሊከን 20፣ አንድ አሉሚኒየም 3፣ ድምሩ 23። 7 ናይትሮጅን 21፣ አንድ ኦክስጅን 2፣ ድምሩ 23። ሂሳቡ እንደገና ገጠመ። ሁለተኛውን ጥንድ ብንቀይርም ይገጥማል፣ ሦስተኛውንም። ልውውጡ ከ4 ጥንድ ትንሽ አልፎ እስኪቆም ድረስ ክሪስታሉ ያንኑ አወቃቀር ይዞ ይቀጥላል። ከአራቱ ንጥረ ነገሮች ፊደላት ተገጣጥሞ ሲያሎን የተባለው ቁስ ይህ ነው። ጃክና ባልደረባቸው ዊልሰን በ1972 አሳተሙት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጃፓን ኦያማና ካሚጋይቶ የተባሉ የቶዮታ ማዕከላዊ ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ እዚያው ግኝት ላይ ደርሰው ነበር።

ይህ ልውውጥ ጭቃውን ምን አደረገው? ፈሳሹ ውስጥ ያለው ኦክስጅንና አሉሚኒየም አሁን የሚገባበት ቤት አገኘ። ሥራውን ጨርሶ በቅንጣቶቹ መካከል ብርጭቆ ሆኖ ከመቅረት ይልቅ ጥሩ ድርሻው ወደ ክሪስታሉ ውስጥ ይገባል። ጭቃው ራሱ እንጨት ሆነ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ይጠፋል ብለው የሚጽፉ አሉ፣ ልክ ግን አይደሉም። የተረፈውን ግን እንደገና አሙቆ ጋርኔት ወደሚባል ክሪስታል መቀየር ይቻላል። አልፋ ሲያሎን የሚባለው ዓይነት ደግሞ ለማቅለጥ የተጨመረውን አይትሪየም ሳይቀር በክሪስታሉ ክፍት ቦታዎች ውስጥ ያስገባዋል።

እቶኑ ውስጥ

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። የሲሊከን ናይትራይድ፣ የአሉሚናና የአሉሚኒየም ናይትራይድ ዱቄት፣ ከጥቂት አይትሪያ ጋር፣ በፈሳሽ ውስጥ ለሰዓታት ይፈጫል፤ ይደርቃል፤ በቅርጽ ውስጥ ይጨመቃል። በዚህ ደረጃ በእጅ ቢጨብጡት የሚፈረፍር፣ ግማሽ ያህሉ ባዶ አየር የሆነ ነገር ነው። ናይትሮጅን በተሞላ እቶን ገብቶ 1,750 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ፈሳሹ ይፈጠራል፣ ቅንጣቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ባዶው ቦታ ይወጣል። 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የገባው ዘንግ 8 ሳንቲ ሜትር ከጥቂት ሆኖ ይወጣል፤ ሻጋታ ሠሪው ይህን ማጠር አስቀድሞ ካላሰበ ዕቃው ቦታው ላይ አይገጥምም። ከወጣ በኋላ ስህተት ማረም የሚቻለው በአልማዝ ዱቄት በመፈግፈግ ብቻ ነው፤ የዋጋው ትልቁ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚያልቀውም እዚህ ነው።

እቶኑ ውስጥ ሌላም ነገር ይሆናል። ቤታ የሚባለው ዓይነት ክሪስታል በፈሳሹ ውስጥ ሲያድግ ወደ አንድ አቅጣጫ ይረዝማል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እርስ በርስ የተጠላለፉ ቀጫጭን ዘንጎች ይመስላል። ስንጥቅ በዚህ ውስጥ ለመሄድ ሲሞክር እያንዳንዱን ዘንግ መዞር ወይም መስበር አለበት፤ በዚህም ጉልበቱ ይባክናል። አልፋው ክብ ክብ ቅንጣት ያለው ሲሆን ከቤታው የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ቤታው ደግሞ ስንጥቅን በመቋቋም ይበልጣል። ሠሪው የአይትሪያውንና የአሉሚኒየም ናይትራይዱን ልክ በማስተካከል ሁለቱን በፈለገው መጠን በአንድ ቁራጭ ውስጥ ያበቅላቸዋል። የልውውጡን ጥንድ ቁጥር ከፍ ካደረገ ቁሱ በቀላሉ ይጠጥራል፣ ኬሚካልንም የበለጠ ይቋቋማል፤ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ለመቁረጫ የሚሆነው ሲያሎን ኦክስጅኑ ጥቂት ነው። ንጹሕ ናይትራይድ ለሠሪው እንዲህ ያለ ምርጫ አይሰጠውም ነበር፤ ምርጫውን ያመጣው ጉድፍ የተባለው ኦክስጅን ነው።

በሥራ ላይ ይህ የት እንደሚታይ ልጥቀስ። የአውሮፕላን ሞተር ዲስኮች የሚሠሩበትን የኒኬል ቅይጥ በቶርኖ መቁረጥ የታወቀ ፈተና ነው፤ የመቁረጫው ጫፍ 1,000 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ተራው የመቁረጫ ብረት ከ600 ዲግሪ በላይ ጥንካሬውን ያጣል። የሲያሎን ጫፍ ግን በዚያ ግለት ውስጥ ሳይለሰልስ ይቆርጣል፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረትንም እንዲሁ። የቀለጠ አሉሚኒየም ሲያሎንን አያርሰውም፤ ስለዚህ በአሉሚኒየም ማቅለጫዎች ውስጥ የሙቀት መለኪያውን የሚሸፍነው ቱቦ ከእሱ ይሠራል። መኪና ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ሁለት ብረት ሲበየድ በቦታው የሚይዘው ትንሽ ፒን ሲያሎን ይሆናል፤ የሚረጨው የብየዳ ፍንጣሪ አይጣበቅበትምና። ለድንገተኛ ሙቀት ያለው ትዕግሥት የሚመጣው ጥቂት ብቻ ስለሚለጠጥ ነው። የ1 ሜትር ዘንግ ሙቀቱ በ1,000 ዲግሪ ሲጨምር ሲያሎን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አሉሚና 8 ሚሊ ሜትር ገደማ።

ከ55 አተም 5ቱ

እስካሁን ወደ ናይትራይድ የገባውን ኦክስጅን አየን። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ ኦክሳይድ የገባ ናይትሮጅንስ? አሉሚናን ወደ ዱቄት ፈጭተን ብንጠብሰው የሚወጣው ሴራሚክ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢሆንም እንደ መስኮት አያሳይም፤ ነጣ ያለ ጭጋግ አለው። ምክንያቱ የክሪስታሉ ቅርጽ ነው። በአሉሚና ክሪስታል ውስጥ ብርሃን የሚታጠፍበት ልክ እንደ አቅጣጫው ይለያያል፤ ቅንጣቶቹ ደግሞ በየአቅጣጫው ስለተዘበራረቁ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር መንገዱን ይስታል። ክሪስታሉ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሆነ ኩብ ቢሆን ይህ ችግር ባልኖረ ነበር። አሉሚና እንዲህ ያለ ኩብ ቅርጽ አለው፤ ግን ሲሞቅ ይከዳና ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

በ1959 ያማጉቺና ያናጊዳ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ጥቂት ናይትሮጅን ሲገባ ያ ኩብ ቅርጽ በግለት ውስጥም ጸንቶ እንደሚቆም አሳዩ። አሎን የሚባለው የአሉሚኒየም ኦክሲናይትራይድ ከ23 አሉሚኒየምና ከ27 ኦክስጅን ጋር 5 ናይትሮጅን ብቻ አለው። ከ55 አተም 5ቱ ማለት ነው። በ1979 ማኮሌና ኮርቢን የተባሉ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ቁሳቁስ ምርመራ ማዕከል ባለሙያዎች ከዱቄት ተነሥተው ግልጽ ሆኖ የሚያሳይ አሎን ሠሩ። ዛሬ ይህ ቁስ ከሚታየው ብርሃን አልፎ እስከ መካከለኛው ኢንፍራሬድ ድረስ ስለሚያሳልፍ ለመመልከቻ መሣሪያዎች መስኮትና ጉልላት፣ ከብርጭቆና ከፕላስቲክ ጋር ተደራርቦም ለጥይት መከላከያ መስኮት ይሆናል። ከጥይት መከላከያ ብርጭቆ ባነሰ ውፍረትና ክብደት ተመሳሳይ ጥበቃ ይሰጣል። ዋጋው ግን ከብርጭቆ ጋር አይወዳደርም፤ ሰፊ ሰሌዳ ሲሆን ደግሞ ይባስ ነው። ስለዚህ ወደ ቤታችን መስኮት ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ታዲያ የሴራሚኩ ሞተር የት ደረሰ?

ተጠራጣሪ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ የማነሣውም ተገቢ ስለሆነ ነው። በ1971 የአሜሪካ መከላከያ ምርምር ድርጅት ከፎርድና ከዌስቲንግሃውስ ጋር የሴራሚክ ጋዝ ተርባይን ፕሮግራም ጀመረ። በ1985 ኒሳን የቱርቦቻርጀር መሽከርከሪያውን ከሲሊከን ናይትራይድ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ጋዜጦች ራዲያተር የማያስፈልገው ሙሉ የሴራሚክ ሞተር ደጃፍ ላይ እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ መንገድ ላይ ያሉት ሞተሮች አሁንም ብረትና አሉሚኒየም ናቸው። ይህ ሁሉ ምርምር ውጤቱ የመቁረጫ ጫፍና የብየዳ ፒን ብቻ ነው?

ቁጥር ብናስገባ ምክንያቱ ይገለጣል። ጥሩ ሲያሎን በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 60 ኪሎ ገደማ የሚጎትት ኃይል ይችላል፤ ይህ ከብዙ ብረት ጋር የሚመጣጠን ነው። ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ ግን የጥሩ መዋቅራዊ ብረት አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። ስሌቱ ሲሠራ፣ በዚህ ሸክም ሥር ብረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጉድለት ችሎ ይቆያል፤ ሲያሎኑን ለመስበር ግን 30 ማይክሮን ገደማ የሆነ ጉድለት ይበቃል። ይህ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ዕቃው በገዘፈ መጠን እንዲህ ያለ ጉድለት አንድ ቦታ ተደብቆ የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ትንሽ ፒን አስተማማኝ ሲሆን ከዚያው ዱቄት የተሠራ ትልቅ ተርባይን አስተማማኝ አይሆንም። ሲያሎን የተሳካለት በትናንሽ ዕቃዎች ብቻ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ሁለተኛው እንቅፋት የበለጠ ይነካል፤ ራሱ ኦክስጅንን ይመለከታልና። ሲያሎን በሞቃት አየር ውስጥ ሲቀመጥ ላዩ ላይ ስስ የሲሊካ ቆዳ ይሠራል፤ ይህ ቆዳ ሌላ ኦክስጅን እንዳይገባ ይከላከላል። በደረቅ አየር ውስጥ ይህ ጥሩ መከላከያ ነው። በተርባይን ውስጥ ግን ነዳጅ ሲቃጠል የውኃ እንፋሎት ይወጣል፤ እንፋሎቱ ሲሊካውን ወደ ጋዝ ቀይሮ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ቆዳው እንደገና ይሠራል፣ እንደገና ይጠረጋል፣ ዕቃውም ከቀን ወደ ቀን ይሳሳል። ይህ በ1990ዎቹ በግልጽ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ መፍትሔ ሆኖ የቀረበው በላዩ ሌላ ሴራሚክ መቀባት ነው። የማምነው ይህንን ነው፦ የሴራሚኩ ሞተር ሐሳብ የወደቀው ኦክሲናይትራይድ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ የተመረጠለት ሥራ ሁለቱን ድክመቶቹን በአንድ ላይ ስለሚያገናኝ ነው። ዕቃው ትልቅ ነው፣ እንፋሎቱም እዚያው አለ።

ከነጭ ወደ ቀይ

የልውውጡ ሂሳብ የበለጠ ያስገረመው ግን ሜካኒካዊ ባልሆነ መስክ ነው። የታንታለም ኦክሳይድ ነጭ ዱቄት ነው። ከፊል ኦክስጅኑ በናይትሮጅን ሲተካ ቢጫ ይሆናል። ሁሉም ሲተካ ቀይ ይሆናል። ናይትሮጅን ኤሌክትሮኖቹን ከኦክስጅን ይልቅ ላላ አድርጎ ስለሚይዝ አነስተኛ ጉልበት ያለው ብርሃን ሊያነሣቸው ይችላል፤ መጀመሪያ ሰማያዊው ብርሃን፣ ከዚያ አረንጓዴው ይዋጣል፣ የተረፈው ቀለም ለዓይናችን ይደርሳል። በ2000 ያንሰንና ሌቸርት በጀርመን ይህን ተጠቅመው ካልሲየም፣ ላንታነም፣ ታንታለም፣ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ያሉበት ቀለም ሠሩ። ካልሲየሙ በላንታነም በተተካ ቁጥር ከኦክስጅኑ አንዱ በናይትሮጅን ይተካል፤ የጃክ ሂሳብ ሳይለወጥ እዚህም ይሠራል። በልውውጡ ልክ ቀለሙ ከቢጫ ተነሥቶ በብርቱካናማ በኩል ወደ ደማቅ ቀይ ይሄዳል። ዓላማው መርዛማውን የካድሚየም ቀለም መተካት ነበር። የታንታለም ዋጋ ግን ቀለሙን ከሱቅ መደርደሪያ አርቆታል።

ዛሬ ሰው ሳያውቀው በየቀኑ የሚያየው ኦክሲናይትራይድ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው ነው። በጃፓን ጹኩባ በሚገኘው ብሔራዊ የቁሳቁስ ሳይንስ ተቋም ሂሮሳኪና ባልደረቦቻቸው በ2005 ጥቂት ዩሮፒየም የተጨመረበት ቤታ ሲያሎን ሰማያዊ ብርሃን ሲመታው ጥርት ያለ አረንጓዴ እንደሚያወጣ አሳዩ። ሲሞቅም ብርሃኑ ብዙ አይደበዝዝም፤ ያው ሦስት ሦስት ቋሚ የያዘው ማገር አተሞቹ በሙቀት እንዳይንቀጠቀጡ ይይዛቸዋልና። በሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ ላይ ተቀብቶ ከቀይ ጋር ሲደባለቅ የስክሪኑን ነጭ ብርሃን ይሰጣል። ለሞተር ተብሎ የተጠና ቁስ በስክሪን ጀርባ ሥራ አገኘ።

ገና በሙከራ ላይ ያለው ትልቁ ተስፋ ውኃን በፀሐይ ብርሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መለየት ነው። ነጩ ኦክሳይድ አልትራቫዮሌትን ብቻ ይውጣል፤ ከፀሐይ ብርሃን ደግሞ አልትራቫዮሌቱ ጥቂት ነው። ቢጫው ኦክሲናይትራይድ የሚታየውንም ብርሃን ይወስዳል። በቶኪዮ የካዙናሪ ዶመን ቡድን ይህን መንገድ ለዓመታት ተከትሎታል፤ በ2005ና በ2006ም የጋሊየም፣ የዚንክ፣ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ጥምር በሚታይ ብርሃን ውኃን ወደ ሁለቱም ጋዞች እንደሚለይ አሳይቷል። ከሚመታው ብርሃን ወደ ሃይድሮጅን የሚቀየረው ግን ገና ጥቂት ነው። እንቅፋቱም በዚህ ምዕራፍ መጀመሪያ ያየነው ነው፦ ኦክስጅን ባለበት ናይትሮጅን ቦታውን ይለቃል። ብርሃኑ ከውኃው ኦክስጅን እንዲያወጣ የሚጠበቅበት ጉልበት ከቁሱ ውስጥ ናይትሮጅንንም ያባርራል። ስለዚህ በእነዚህ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ሙከራ ሲጀመር የሚለካው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከቧንቧው የሚወጣው ናይትሮጅንም አብሮ ይለካል፤ ካልቆመ ቁሱ ራሱን እየበላ ነው።